ሰርቨሩ የእኛ ነው፤ ኮዱንስ ማን ይፈትሸዋል?

አንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ አውጥቶ ሶፍትዌር ያሠራል። «ኮዱ የት ነው ያለው?» ሲባል «እዚሁ ግቢያችን፣ በራሳችን ሰርቨር» ይላል። መልሱ ደስ ይላል፤ ግን ግማሽ ነው። «አምና ያስቀመጣችሁት ኮድ ዛሬም ያው መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ብላችሁ ቀጥሉና ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ዝምታ ነው የሚመልስላችሁ።

በራስ ሰርቨር መጠቀምን እየተቃወምኩ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ መቆየቱን ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2019 ጊትሃብ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት የኢራንና የሶሪያ ተጠቃሚዎቹን አገልግሎት ገድቦ ነበር። ንብረትን ደጅ ማድረግ ምክንያት አለው። ግን ጠባቂነቱም አብሮ ይመጣል።

አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። አብዛኛው ሶፍትዌር ሠሪ ኮዱን የሚያስቀምጠው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመረው ጊት ነው። ጊት ለእያንዳንዱ ፋይልና ለውጥ ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ይሰጣል፤ ሀሽ ይባላል። አዲሱ ለውጥ የቀደመውን ሀሽ ይዞ ይመዘገባል። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት በተጻፈው ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር ስሌቱ አይገጥምም። «ጊት ኤፍኤስሲኬ» የሚባለው ትእዛዝ ይህን እያሰላ ያመሳክራል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ወይም ዲስክ ሲያረጅ የተበላሸውን ይለያል። ዋጋ የለውም፤ ግን የሚያዝዘው ሰው ይፈልጋል።

ካልታዘዘስ? እ.ኤ.አ. በ2013 ኬዲኢ የተባለው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ወደ 1,500 የሚጠጉ ማከማቻዎቹን ሊያጣ ነበር። ዋናው ሰርቨር ላይ ፋይሎች ተበላሹ፤ ቅጂ የሚይዙት ሌሎች ሰርቨሮችም ዋናውን እንዲከተሉ ታዝዘው ስለነበር ጥፋቱን ተከተሉ። ያተረፋቸው በአጋጣሚ ገና ያልተመሳሰለ አንድ ሰርቨር ነው። ዋናውን ብቻ እያየ የሚገለብጥ ቅጂ መጠባበቂያ እንዳልሆነ ዓለም ከዚያ ተማረ።

ሁለተኛው አደጋ የሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 በፒኤችፒ የራሱ ጊት ሰርቨር ላይ፣ በሁለት የታወቁ አልሚዎች ስም የኋላ በር የሚከፍት ኮድ ገባ። ሀሹ ትክክል ስለነበር «ኤፍኤስሲኬ» ይህን አይዘውም። የያዙት ለውጡን ቁጭ ብለው ያነበቡ ሰዎች ናቸው። ማሽኑ ያልተበላሸ መሆኑን ይነግረናል፤ ማን እንደጻፈው የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ ነው፤ ምን እንደተጻፈ የሚያውቀው ደግሞ አንባቢ።

«እኛን ይህ አያገኘንም» የሚል ካለ መጋቢት 2016ን ያስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛብቶ፣ ባንኩ ራሱ እንደገለጸው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ ወጣ። ብሔራዊ ባንክ ምክንያቱ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ እንጂ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል። የኮድ ማከማቻ ችግር ነበር አልልም። ሲስተም ላይ የሚደረግ ለውጥ ስንት ሊያስከፍል እንደሚችል ግን አሳይቶናል። ባንክ ገንዘቡን ከደንበኛው ይጠይቃል፤ የታካሚ መዝገብ ወይም የመሬት ይዞታ ሲዛባ ከማን ይጠየቃል?

ይህ ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊ ሥራውን ሲጨርስ ከአብነቱ ጋር ተናብቦ ይታረም ነበር። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ነደዱ፤ በጣና ደሴቶች የተቀመጡት ግን ለእኛ ደረሱ። ማናበብና ራቅ ያለ ቦታ ቅጂ ማኖር፣ ሁለቱንም እናውቃቸዋለን።

እንግዲህ ሶፍትዌር የሚያሠሩ ተቋማት ሁሉ አራት ነገር ያድርጉ፦

👉 ፍተሻው በየሳምንቱ በራሱ ይሂድ፤ ውጤቱም ስሙ ለሚታወቅ ባለሙያ ይድረስ።

👉 አንድ ቅጂ ከሰርቨሩ ተነቅሎ፣ ከተቻለም ሌላ ከተማ ይቀመጥ። በየጊዜውም ተከፍቶ ይሞከር።

👉 ለውጥ ሁሉ በዲጂታል ፊርማ ይግባ፤ ሁለተኛ ሰው ሳያነበው አይጽደቅ፤ የቆየ ታሪክን መደለዝ ይከልከል።

👉 ውሉ ላይ «የሚሠራ ሲስተም ማስረከብ» ብቻ አይጻፍ። ኮዱ ከነሙሉ ታሪኩ ይረከብ፤ የመጨረሻው ለውጥ ሀሽ በርክክብ ሰነዱ ላይ ታትሞ በማኅተም ይያዝ። ከዓመታት በኋላ ክርክር ቢነሳ ያቺ አንዲት መስመር ትዳኛለች።

«ባለሙያ የለንም» የሚለው ምክንያት እዚህ ከተማ አያስኬድም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኢንፎርማቲክስ በየዓመቱ ተማሪ ያስመርቃል። ከእነዚህ ጥቂቱን ለዚህ ሥራ መመደብ አዲስ ሕንፃም የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ኃላፊው «ባለፈው ሳምንት ተፈትሿል ወይ? ውጤቱን አሳዩኝ» ማለቱን ነው። ኃላፊዎች የምታነቡ ካላችሁ፣ ሰኞ ጠዋት ጠይቁ።

በእናንተ መሥሪያ ቤት እንዴት ነው? በአስተያየት መስጫው ጻፉልን። ለሚመለከተው ሰው ማጋራትም አትርሱ።