ዕድል የሚባል መካኒክ የለም

ዛሬ ከፖለቲካው ፈቀቅ ልበል። ፈቀቅ ማለት ግን መሸሽ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ዞሬ መምጣቴ አይቀርም።

ባለፈው እሁድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቡና ይዘን ተቀምጠናል። ሦስታችንም ፎርሙላ ዋን እንከታተላለን። ወሬው በሰላም ተጀመረ። ድንገት አንዱ «2016» የምትለዋን ቁጥር ጠራት። በቃ! ቡናው ቀዘቀዘ፣ ድምፅ ከፍ አለ፣ አጠገባችን የተቀመጡ ሰዎች የውርስ ጠብ የያዝን ሳይመስላቸው አልቀረም። የሉዊስ ሃሚልተን ደጋፊ የሆነው ጓደኛዬ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ ደመደመ፦ «ዋንጫው የእሱ ነበር። ሰኔና ሰኞ ገጠመበትና ተቀማ!» ሌላው ደግሞ ሳቅ ብሎ፦ «ተወው ባክህ፣ በዚያ መኪና እኔም አሸንፋለሁ።»

ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው። እነሱን ለሚመስሉ ሌሎች ብዙዎችም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ለሃሚልተን ደጋፊዎች የሚገባቸውን ልስጥ። በ2016 ሃሚልተን 10 ውድድር አሸነፈ፤ በመርሴዲስ የቡድን ጓደኛው የነበረው ኒኮ ሮዝበርግ 9። ዋንጫውን ግን ሮዝበርግ ወሰደው፤ 385 ለ380። አምስት ነጥብ! ማሌዢያ ላይ ሃሚልተን እየመራ ሳለ ሞተሩ ነደደ፤ 25 ነጥብ ዓይናችን እያየ በጭስ ሄደ። ቻይናና ሩሲያ ላይም በማጣሪያው ዕለት የሞተሩ ነገር ተበላሽቶበት ከኋላ ለመነሣት ተገዷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የሚክድ የለም።

ያው ደጋፊ ግን ሌላውን ግማሽ አይነግራችሁም። ጣሊያን ሞንዛ ላይ ሃሚልተን ከአንደኛው ቦታ ተነሣ፤ አነሳሱ ተበላሸና ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ጃፓን ላይ ከሁለተኛው ቦታ ተነሥቶ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ስምንተኛ ነበር፤ ታግሎ ሦስተኛ ሆነ። ሁለቱንም ያሸነፈው ሮዝበርግ ነው። ሞንዛ ላይ ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ኖሮ የነጥቡ ሂሳብ በ14 ይገለበጥ ነበር። ዋንጫው የተወሰነው በ5 ነው። ታዲያ ለምንድን ነው ሁላችንም ማሌዢያን እንጂ ሞንዛን የማናስታውሰው? የማሌዢያው ስለጨሰ ነው። የሞንዛው አልጨሰም። ደጋፊ የሚያስታውሰው የሚጨሰውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔ የምቃወመው «ዕድል» የሚለውን ቃል ነው።

ሰፈሬ ውስጥ አንድ የሚኒባስ ባለቤት አለ። ሞተር ሲነድበት «ዕድሌ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ራዲያተሩ ለምን ውኃ ጨረሰ? የሙቀቱ ቆጣሪ ሲወጣ ሹፌሩ ወዴት ነበር የሚያየው? ብሎ ይጠይቃል። ለአንድ ሚኒባስ የምንጠይቀውን ጥያቄ በመቶዎች የሚቆጠሩ መሐንዲሶች ለሚሠሩት መኪና የማንጠይቀው ለምንድን ነው?

እስቲ 2022ን እናንሣ። የፌራሪው ሻርል ለክለር ከሦስት ውድድር በኋላ 71 ነጥብ ነበረው፤ ማክስ ቨርስታፐን 25። የ46 ነጥብ ልዩነት! ከዚያ ስፔን ላይ ለክለር እየመራ ሞተሩ ተበላሸ። አዘርባጃን ላይ እየመራ እንደገና ሞተሩ ጨሰ። ዓመቱ ሲያልቅ ቨርስታፐን 454፣ ለክለር 308። የፌራሪ ደጋፊ እስከ ዛሬ «ዕድለ ቢስ ልጅ» ይለዋል።

የዕድል ጉዳይ ነበር ወይ? ሕጉን እንመልከት። ከ2022 ጀምሮ የሞተርን ጉልበት ማሳደግ ታገደ፤ ብልሽትን ለማስወገድ የሚደረግ ማሻሻያ ግን ተፈቀደ። ይህን ያየ መሐንዲስ ምን ይላል? «ጉልበቱን አሁኑኑ እንውሰድ፤ ጥንካሬውን በኋላ እናስተካክላለን።» ፌራሪ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የቡድኑ ኃላፊዎችም ፈጣን ሞተርን ጠንካራ ማድረግ ጠንካራን ፈጣን ከማድረግ ይቀላል የሚለውን አስተሳሰብ አልደበቁም። ምርጫ ነበር። ያ ምርጫ በዓመቱ መጀመሪያ ለክለርን ከፊት አስቀመጠው፤ ስፔንና ባኩ ላይ ደግሞ ሂሳቡን ጠየቀ። ፍጥነቱና ብልሽቱ ከአንድ ሞተር ነው የወጡት። ፍጥነቱን «የልጁ ችሎታ»፣ ብልሽቱን «የልጁ ዕድል» ብሎ መክፈል ክርክር አይደለም፤ ማጭበርበር ነው። በዚያ ላይ ፈረንሳይ ላይ እየመራ ከመንገድ ወጥቶ ግድግዳ የመታው ለክለር ራሱ ነው። እሱን በየትኛው መዝገብ እናስገባው?

ከዚያም የቆየ ምሳሌ አለ። በ2005 ፈርናንዶ አሎንሶና የማክላረኑ ኪሚ ራይኮነን እኩል ሰባት ሰባት ውድድር አሸነፉ። ነጥቡ ግን 133 ለ112 ሆነ። የማክላረኑ መኪና የዓመቱ ፈጣን ነበር፤ የዓመቱ ተሰባሪም ነበር። የአውሮፓ ግራንድ ፕሪ ጀርመን ኑርቡርግሪንግ ላይ ሲካሄድ ራይኮነን እየመራ ሳለ ፍሬን አጥብቆ ይዞ አንዱ የፊት ጎማ በአንድ በኩል ተላጠ። የዚያ ዓመት ሕግ በውድድር መሀል ጎማ መቀየርን ይከለክል ነበር፤ ለደኅንነት ካልሆነ በቀር። ቡድኑ ገብቶ ቢቀይር ድሉን ያጣል፤ ባይቀይር ጎማው እየተንቀጠቀጠ ይቀጥላል። አልገባም። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር የፊት ሰስፔንሽኑ ተሰበረና መኪናው ከመንገድ ወጣ። አሎንሶ አሸነፈ።

እስቲ ፍረዱ። ፍሬኑን ያጠበቀው ሹፌሩ ነው። እንዲቀጥል የተወሰነው ቡድኑ ውስጥ ነው። ጎማ መቀየርን የከለከለው ሕጉ ነው። የተሰበረው ዘንግ ደግሞ ክብደት ለመቀነስ ከተቀጠነ መኪና ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ አራት እጆች ይታዩኛል፤ የዕድል እጅ ግን አልታየኝም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው፤ ሰውን መጠየቅ ስንፈራ ዕድልን እንገርፋለን።

«ዕድል ጭራሽ የለም ነው የምትለው?» የሚለኝ ይኖራል። አላልኩም። ከፊት ያለ መኪና የጣለው ስብርባሪ ጎማህን ሲቀደው ዕድል ነው። ሁለት እኩል ሞተሮች ካሉት ቡድን ውስጥ የሚነደው የአንተ ይሁን የጓደኛህ፣ እሱም በአንድ ዓመት ውስጥ ዕድል ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ለሃሚልተን ደጋፊ እጄን እሰጣለሁ። ግን ሞተሩ መንደዱ ራሱ ዕድል አይደለም፤ አንድ ኩሽኔታ መሸከም ያለበትን ስላልተሸከመ ነው። ያንን ኩሽኔታ የሣለ፣ የሠራና የፈተሸ ሰው አለ።

ከዕድል የባሰው ደግሞ ሴራ ነው። በ2016 መጀመሪያ መርሴዲስ የሁለቱን ተወዳዳሪዎች መካኒኮች በከፊል አቀያይሮ ነበር። ሞተሩ ሲነድ ደጋፊው ወዲያው ገጣጠመው፦ «ሆን ብለው ነው!» ወገኖቼ፣ አንድ ኩባንያ የገዛ ሞተሩን፣ በመሪነት ላይ እያለ፣ ዓለም ሁሉ እያየ፣ በስሙ ያቃጥላል? ሌሊቱን ሳይተኙ መኪና ሲገጣጥሙ ያደሩ መካኒኮችን ያለ አንዲት ማስረጃ ከሃዲ ማለት ነውር ነው። ለአንድ ሚሊየነር ሹፌር ፍቅር ሲባል ስማቸው እንኳ የማይታወቅ ሠራተኞችን መስደብ ድጋፍ አይባልም።

ስፖርቱ ራሱ ይህን ጥያቄ በሕግ መልሶታል። ድሮ መኪኖች በየውድድሩ ይሰበሩ ስለነበር የአንድ ተወዳዳሪ ነጥብ ሁሉ አይቆጠርም ነበር። በ1988 ከ16 ውድድር የሚያዙት ምርጥ 11ዱ ብቻ ነበሩ። አላን ፕሮስት በጠቅላላ 105 ነጥብ ሰበሰበ፤ አይርተን ሴና 94። በሕጉ መሠረት ሲቆጠር ግን ሴና 90፣ ፕሮስት 87 ሆነና ዋንጫው የሴና ሆነ። ከ1991 ጀምሮ ይህ አሠራር ቀረ፤ እያንዳንዱ ውድድር መቆጠር ጀመረ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ መጨረስ የውድድሩ አካል ነው። እንዲያውም ዛሬ አንድ ተወዳዳሪ በዓመት የሚጠቀምባቸው ሞተሮች ጥቂት ናቸው፤ ከተፈቀደው ካለፈ በመነሻ ቦታ ይቀጣል። ጥንካሬ እንደ ፍጥነት ሁሉ ይመዘናል ማለት ነው።

ለሁለተኛው ጓደኛዬ፣ «በዚያ መኪና እኔም አሸንፋለሁ» ላለው ደግሞ አንድ ቁጥር ይበቃዋል። በ2023 ሬድ ቡል ከ22 ውድድር 21ዱን አሸነፈ። ቨርስታፐን 19፣ ሰርጂዮ ፔሬዝ 2። አንድ ቡድን፣ አንድ ዓይነት መኪና፦ 575 ነጥብ እና 285። ሁለተኛ የወጣው የመርሴዲስ ቡድን ሁለቱ ሹፌሮቹ ተደምረው 409 ነበራቸው። መኪናው ብቻውን ቢያሸንፍ ኖሮ ፔሬዝ የት ሄደ? «መኪናው ነው» የሚለውም «ዕድል ነው» የሚለውም አንድ በሽታ አለባቸው። አንዱ የሹፌሩን ሥራ ይሰርዛል፣ ሌላው የመካኒኩን።

ብልሽት የሰው ሥራ ነው ስል ለመውቀስ ብቻ አይደለም። የሰው ሥራ ከሆነ ሰው ሊያስተካክለው ይችላል ማለት ነው። በ2015 ሆንዳ ከማክላረን ጋር ሲመለስ ሞተሩ ደካማም ተሰባሪም ነበር፤ ቡድኑ ከ10 ቡድኖች 9ኛ ወጣ። አሎንሶ በሆንዳ የገዛ ሜዳ፣ ሱዙካ ላይ፣ ሞተሩን በሬዲዮ ሲያጣጥለው ዓለም ሰማ። ሆንዳዎች «ዕድላችን ነው» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር። ፈቱት፣ ፈተሹት፣ ደግመው ሠሩት። በ2021 ቨርስታፐን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሆንዳ ሞተር ነው።

በ2025ም አይተነዋል። ሆላንድ ዛንድፎርት ላይ የላንዶ ኖሪስ ማክላረን ሁለተኛ ሆኖ ሳለ ዘይት አፍስሶ ቆመ። የቡድን ጓደኛው ኦስካር ፒያስትሪ አሸንፎ በ34 ነጥብ ራቀው። ያን ቀን ስንቱ ነው «ዘንድሮም ዕድል ከዳው» ብሎ መዝገቡን የዘጋው? ኖሪስ ግን አልዘጋውም። በዓመቱ መጨረሻ ቨርስታፐንን በ2 ነጥብ ቀድሞ፣ 423 ለ421፣ ዋንጫውን አነሳ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ አልቀርም ብዬ አልነበር? ይህ የደጋፊ አስተሳሰብ በእሁድ ውድድር ቢቀር ባልጻፍኩ። ግን እኛ ዘንድ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ሥራው ሲሳካ «የአለቃችን ጥበብ» ይባላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ሲበላሽ ግን ወይ ዕድል ነው፣ ወይ ዝናብ ነው፣ ወይ «የማይታዩ እጆች» ናቸው። ትራንስፎርመሩ ለምን ፈነዳ፣ አዲሱ አስፋልት ለምን በአንድ ክረምት ተቦረቦረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ እንደ ተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ይታያል። ድልን ለአንድ ሰው፣ ሽንፈትን ለሰማይ የሚሰጥ ሕዝብ መቼም ቢሆን ኩሽኔታው የት ጋ እንደላላ አያውቅም።

በአንድ ትዝታ ልጨርስ። በ2006 ጃፓን ሱዙካ ላይ ሚካኤል ሹማከርና አሎንሶ እኩል 116 ነጥብ ይዘው ገቡ። የቀረው ሁለት ውድድር ብቻ ነበር። ሹማከር እየመራ ሳለ የፌራሪው ሞተር ነደደ። ከ2000 ወዲህ በውድድር መሀል ሞተር ከድቶት አያውቅም ነበር፤ ስምንተኛው ዋንጫ በዚያች ጭስ ውስጥ ሄደ። ያ ሰው ግን ወደ ጋራዡ ተመልሶ የመካኒኮቹን እጅ አንድ በአንድ ጨበጠ፣ አጽናናቸው። ስድስት ዓመት ያልነደደው ሞተርም፣ ያን ቀን የነደደውም፣ የእነዚያው ሰዎች ሥራ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ሹማከር ያወቀውን ደጋፊው ቢያውቅ ምን ነበረበት? የሚቀጥለው እሁድ የምትወዱት ሹፌር ጭስ ውስጥ ሲቆም «ዕድል» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ምኑ ተሰበረ፣ ለምን?

ያ ጓደኛዬ ይህን አንብቦ እንደሚደውል አውቃለሁ። ቡናውን እኔ እከፍላለሁ፤ ስለ ሞንዛ ግን ይመልስልኝ።

ቸር እንሰንብት።