ማሳተሙስ ያሳትም፤ ማን ይረምለት?

«ገንዘብ ያገኘ ሁሉ ደራሲ ሆነ» የሚለውን ወቀሳ ከሥነ ጽሑፍ መድረኮቻችን መስማት ከጀመርን ቆየን። ፊደል የተገደፈበት፣ አርታኢ ያልዳሰሰው መጽሐፍ በዝቷል ይላሉ። እውነት ነው፣ በዝቷል። መድኃኒቱ ግን «ወጣቱ አሳታሚ እስኪያገኝ ይታገሥ» የሚል ከሆነ፣ እኔ ከአጣዬ ሆኜ እቃወማለሁ።

የትኛውን አሳታሚ ነው የሚጠብቀው? በአገራችን በራስ አቅም ማሳተም ትናንት የተጀመረ ነውር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት አቁመው የገዛ ድርሰቶቻቸውን አትመውበታል። በእርሳቸው ሲሆን ሥልጣኔ የተባለው፣ በኤፍራታና ግድም ልጅ ሲሆን ድፍረት የሚባለው በየትኛው ሚዛን ነው? የደርግን ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትን ለሚናፍቁም አንድ ነገር ላስታውሳቸው። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ኩራዝ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በሩ አንድ ብቻ ከሆነ ለመዝጋትም አንድ እጅ ይበቃል።

ለእኛ ደግሞ ትዕግሥት ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነድዳለች። የተቃጠለ ቤት በብድርም በደቦም ይሠራል፤ በአንድ ደብተር ላይ ብቻ የሰፈረ ግጥም ከቤቱ ጋር ከነደደ ግን ማን ይመልሰዋል? ያው ግጥም ታትሞ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ብርሃን ባሉ አንባብያን እጅ ቢገባ፣ አንዱ ቅጂ ሲጠፋ ሌላው ይተርፋል። የእኛ ወጣት ለማሳተም የሚቸኩለው ዝና ስለጠማው ብቻ አይምሰላችሁ።

ይህን ስል እርማት ይቅር ማለቴ አይደለም። የሚያንገበግበኝ፣ መጽሐፍ ሲመረቅ ንግግር የሚያደርገው ሰው ብዛትና ረቂቁን ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሚያነበው ሰው ማነስ ነው። ወጣቱ ቤተሰቡ ማሾ ሸጦ ያገኘውን ብር ሳይቀር ለወረቀትና ለቀለም ይከፍላል። ለአርታኢ የሚተርፈው የለም። ብዛቱ ሲጨምር የአንዱ ቅጂ ዋጋ ይቀንሳልና አንድ ሺህ ያሳትማል። አከፋፋዩ ድርሻውን ቆርጦ፣ ቀሪውን መጽሐፉ ሲሸጥ እከፍላለሁ ይለዋል። ያልተሸጠው በካርቶን እንደታሸገ አልጋ ሥር ይከርማል።

እንግዲያው እንርዳው የምንል ሰዎች ከዚህ እንጀምር። የአማርኛ መምህሩ በዓመት አንድ ረቂቅ ይረም። አንጋፋው ደራሲ በጀርባ ሽፋኑ ላይ ምስጋና ከመጻፉ በፊት «ይህን ምዕራፍ አውጣው» የማለት ድፍረት ይኑረው። የአገሩ ተወላጅ መጽሐፉ ሳይታተም አስቀድሞ ይግዛ፤ ደራሲውም በተሰበሰበው ልክ በጥቂቱ ያሳትም፤ ሲያልቅ ይደግመዋል። ቅጂውም ወመዘክር ይግባ፤ ከእሳት የራቀ አንድ መደርደሪያ ይኑረው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ወቃሾች ሆይ፣ ጥራት ወደቀ ብላችሁ የምታለቅሱት ከልባችሁ ከሆነ፣ ያልታረመ ረቂቅ ይዞ የሚጠብቃችሁ ወጣት አጣዬም አለ፤ ሸዋ ሮቢትም አለ። አንዱን ተቀብላችሁ አንብቡለት። ከዚያ በኋላ የታተመውን ብትነቅፉት እኔም አብሬያችሁ እነቅፋለሁ።