አውራ ጣቱን አትደብቁት

የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ሁሉ አንድ ነገር እናውቃለን፤ እዚያ ፍቅሩም ለቅሶውም በጭፈራ ይነገራል። ስለዚህ የሂንዱ አፈ ታሪክ ለህንድ ልጆች በጭፈራ፣ በመድረክ ላይ ሲተረክ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ታሪኩ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ታጥቦና ተተኩሶ ሲቀርብ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ማሃባራታ ውስጥ ኤካላቭያ የሚባል የጫካ ጎሳ ልጅ አለ። ቀስት ለመማር የልዑላኑ መምህር ወደሆነው ድሮና ይሄዳል። ድሮና የልጁን ዘር አይቶ አልቀበልም ይላል። ልጁ ጫካ ገብቶ የድሮናን ምስል ከጭቃ ይሠራል፤ በምስሉ ፊት ብቻውን ተለማምዶም ልዑል አርጁናን የሚያስከነዳ ተኳሽ ይሆናል። ድሮና ግን ለአርጁና ማንም እንደማይበልጠው ቃል ገብቶለታል። ስለዚህ ከልጁ የመምህርነት ክፍያ ይጠይቃል፤ የቀኝ እጁን አውራ ጣት። ልጁም ቆርጦ ይሰጠዋል።

ይህ ለልጆች ሲቀርብ ብዙ ጊዜ መደምደሚያው ምንድን ነው? ጎበዝ ተማሪ መምህሩን እንዲህ ያከብራል! በቃ። ተበዳዩ የታዛዥነት ምሳሌ ተብሎ ይጨበጨብለታል፣ በዳዩ በነፃ ይለቀቃል። እንዲያውም ይሸለምበታል፦ ህንድ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምርጥ የስፖርት አሠልጣኞቿን የምትሸልመው በድሮና ስም ነው። የኤካላቭያን ስም ደግሞ መንግሥት ለጎሳ ማኅበረሰብ ልጆች በከፈታቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ላይ ታገኙታላችሁ። እነዚያ ልጆች ከታጠበው ታሪክ ምን ይማሩ? ጣታችሁን ሲጠይቋችሁ ስጡ?

"ልጆቹ ይደነግጣሉ" ትሉኝ ይሆናል። ጭፈራው ታዲያ ለምንድን ነው? ባራታናትያም በተባለው የደቡብ ህንድ ውዝዋዜ እጅ ይናገራል። ተማሪዎች ከሚያጠኗቸው 28 የአንድ እጅ ምልክቶች አንዱ ሺካራ ነው፤ እጅን ጨብጦ አውራ ጣትን ቀጥ አድርጎ ማቆም። ከትርጉሞቹ አንዱን ልንገራችሁ፦ ቀስት። ያቺ ጣት ስትታጠፍ ምልክቱ ሙሽቲ ይሆናል፤ ጡጫ ማለት ነው። ቀስቱ የለም። ቢላም ደምም አያስፈልግም። ጨፋሪዋ ጣቷን አጥፋ፣ ከበሮው ጸጥ ይበል። የሰባት ዓመት ልጅ ይገባዋል። "ለምን ወሰደበት?" ብሎም ይጠይቃል።

ይህን ጥያቄ የሚፈሩት ልጆቹ አይደሉም፣ ትልልቆቹ ናቸው። መምህርም ይበድላል ብሎ ለልጅ መንገር ያስፈራል። "ለምን?" ስንል "ዝም በሉ!" እየተባልን ያደግን እኛ ይህን ፍርሃት ከሩቅ እናውቀዋለን።

እናም አዘጋጆች ሆይ፣ ከበሮውን ምቱ፣ ልጆቹንም አስጨፍሩ። አውራ ጣቱን ግን አትደብቁት።