ሴንሰሩን ከላካችሁ ስትሪፑንም ላኩ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ለእማዬ ክንድ ላይ የሚለጠፈውን የስኳር መለኪያ ልኬላት ነበር፤ ቁጥሩ ከጣቷ ጋር አልገናኝ አለ። ተበላሽቶ ነው?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናችሁ። ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

አቋሜ ይኸው ነው፦ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት ቁጥር አትመኑት፤ ሴንሰሩንም ነቅላችሁ አትጣሉት። «ከእንግዲህ ጣት መውጋት ቀረ» የሚለውን ወሬ ግን ተዉት።

ይህ ዕቃ ደም አይለካም። ከቆዳ ሥር የምትገባው ቀጭን ሽቦ የምታነበው በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ነው። ስኳር ደግሞ መጀመሪያ ደም ውስጥ ገብቶ ነው ወደዚያ ፈሳሽ የሚያልፈው። ስለዚህ ሴንሰሩ ከጣት መለኪያው ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይቀራል። እናታችሁ ምሳ በልተው ስኳራቸው ሽቅብ እየወጣ እያለ ሁለቱን ብታወዳድሩ ይለያያሉ፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ማወዳደር ያለባችሁ ስልኩ ላይ ያለው ቀስት አግድም ሲሆን፣ ለምሳሌ ከምግብ በፊት ነው።

አዲስ ሲለጠፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሽቦዋ ስትገባ ሥጋውን ትንሽ ታቆስላለች። ሰውነት ቁስል ሲያይ ይረባረባል፤ አካባቢው ይቆጣል፣ የሚነበበውም ቁጥር ይዋዥቃል። ሊብሬ 2 በ1 ሰዓት፣ ዴክስኮም ጂ7 በ30 ደቂቃ ገደማ ሥራ ይጀምራል ሲባል ቁጥር ማሳየት ይጀምራል ማለት ነው እንጂ ተረጋጋ ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ጠዋት ይለጠፍ የምለው። ማታ ለጥፈው ከተኙ ሴንሰሩ በጣም የሚሳሳትበት ሰዓት ሌሊቱ ላይ ይውላል።

የሌሊቱን ነገር ካነሳን፦ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ቨርጂኒያ ገና ምሽት። የልጅ ስልክ «55» ብሎ ይጮኻል። ልጅ ደንግጣ ትደውላለች፣ ቤቱ ሁሉ ይነሳል፣ እናት ስኳር በውኃ ተበጥብጦላቸው ይጠጣሉ፤ ጠዋት 280። ብዙ ጊዜ የሆነው ምን መሰላችሁ? ክንዳቸው ላይ ተኝተውበታል። ሴንሰሩ ሲጫኑት በሐሰት ዝቅ ይላል። ዞር ይበሉ፣ ጣታቸው ይለካ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ከተቀየረ ግን ክርክር የለም፤ ስኳር ይውሰዱ። ስትሪፕ ከሌለም ያው ነው፣ ዝቅ ብሏል ብሎ መነሳት ይሻላል። በተቃራኒው ግን አዲስ የተለጠፈ ሴንሰር 300 አለ ተብሎ ጣት ሳይለካ ኢንሱሊን መጨመር አይገባም። ስኳር ያለቦታው ቢጠጡ ጠዋት ከፍ ይላል፤ ኢንሱሊን ያለቦታው ቢወጉ ግን ላይነቁ ይችላሉ።

ከተረጋጋ በኋላም ቢሆን ቁጥር በቁጥር ይገጥማል ብላችሁ አትጠብቁ። ጣት 180 ቢል፣ ሴንሰር 160 ወይም 200 ቢል ተስማምተዋል። የጣት መለኪያው ራሱ እስከ 15 በመቶ እንዲለያይ ተፈቅዶለታል። ደግሞ ብርቱካን በላጠ እጅ ተወግቶ የወጣ ቁጥር የብርቱካኑ ነው። እጅ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ይድረቅ፤ አልኮል ብቻ አይበቃም።

ቫይታሚን ሲ! ጉንፋን በመጣ ቁጥር ውኃ ውስጥ የምትሟሟዋን ባለ 1000 ሚሊግራም እየላካችሁ ነው አይደል? ሊብሬ 2 በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ከተወሰደ በሐሰት ከፍ ሊል ይችላል። ዴክስኮምን የሚያታልለው ደግሞ በ6 ሰዓት ውስጥ ከ1 ግራም ያለፈ ፓራሲታሞል ነው። ቅባትና ቫዝሊን የተቀባ ክንድ ላይም አይያዝም፤ ይጽዳ፣ በደንብ ይድረቅ። ኢንሱሊን የሚወጉበት ቦታም አይሁን።

«ሳይወጋ ስኳር የሚለካ ሰዓት» ለምትጠይቁኝም፦ የአሜሪካው ኤፍዲኤ በየካቲት 2024 (በእነሱ አቆጣጠር) ቆዳ ሳይበሱ በራሳቸው ስኳር እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችንና ቀለበቶችን አትጠቀሙ ብሏል፤ ያን ጊዜ አንዱንም አልፈቀደም ነበር። ገንዘባችሁን አትጣሉ።

ሴንሰር መላካችሁን አልቃወምም፤ እንዲያውም ጎሽ! ግራፉ ጣት የማይናገረውን ይናገራል፤ ስኳሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል። የሚያናድደኝ 14 ቀን የሚሠራ ውድ ዕቃ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ፣ እሱን ማረጋገጫ አንድ ፓኬት ስትሪፕ መርሳት ነው። እዚህ ስትሪፕ በፈለጉት ቀን ላይገኝ ይችላል። ስትልኩ ደግሞ አስቀድማችሁ የቤቱን መለኪያ ፎቶ አስልኩና ስሙን እዩ፤ የአንዱ ስትሪፕ ለሌላው አይሠራም። ጊዜው የሚያልፍበትንም ቀን እዩልኝ።