ለኔትወርክ ባለሙያዎቻችን ከፍ ያለ የራውቲንግ ሥልጠና ይሰጥ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥራና ክህሎት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በከተማዋ ተቋማት ለሚሠሩ የኔትወርክ አስተዳዳሪዎች ከፍተኛ የአይፒ ራውቲንግ ሥልጠና እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የሸጎሌ ነዋሪ ጉዳይ ሊያስፈጽም ወደ ወረዳ ሲሄድ ጉዳዩ የሚያልቀው ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ኮምፒውተር ከማዕከል ጋር ሲገናኝ ነው። ወረዳዎችን የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ፣ ወረዳኔት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲዘረጋ ኔትወርክ ለመንግሥት ሥራ አጋዥ ነበር፤ ዛሬ ግን የፋይዳ መታወቂያም ሆነ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ያለ ኔትወርክ አይንቀሳቀሱም። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ መነሻው ብዙ ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ በቁፋሮ ፋይበር ይቆረጣል። ይሁንና የአንድ መስመር መቆረጥ አገልግሎቱን ያቁም አያቁም በአብዛኛው የሚወስነው ራውቲንጉ፣ ማለትም መረጃው በየትኛው መስመር እንደሚሄድ የሚመረጥበት አሠራር፣ የተዋቀረበት መንገድ ነው፤ የሚያዋቅረው ደግሞ ሰው ነው። ስለዚህ ለመሣሪያ ግዥ የሚሰጠውን ትኩረት ያህል ለባለሙያው ሥልጠናም እንድትሰጡ እጠይቃለሁ።

አንድ መስመር ብቻ ባለው ትንሽ ቢሮ አስተዳዳሪው መንገዱን በእጁ ራውተሩ ላይ ቢጽፈው ይበቃል። ቅርንጫፎቹ ሃምሳ ደርሰው እያንዳንዳቸው ሁለት መስመር ሲኖራቸው ግን ይህ አሠራር ይከዳል፤ ብልሽቱ ራቅ ብሎ ከደረሰ በእጅ የተጻፈው መንገድ መረጃውን ወደ ሞተው መስመር መላኩን ይቀጥላል። እንደ ኦኤስፒኤፍ ያሉ ፕሮቶኮሎች የተበጁት ለዚህ ነው። ራውተሮቹ የመስመሮቻቸውን ሁኔታ እርስ በርሳቸው ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ሲቆረጥ የቀረውን መንገድ ራሳቸው አስልተው ያገኛሉ። ነገር ግን ይህም አንዴ አስነስተው የሚተዉት ነገር አይደለም። የአይፒ አድራሻ ያለ ዕቅድ ከታደለ መንገዶችን ጠቅልሎ ማስተዋወቅ ያስቸግራል፤ በዚህም የአንድ ቅርንጫፍ ችግር ሩቅ ያሉትን ራውተሮች ሁሉ ያውካል። ሁለት ፕሮቶኮሎች ያለ ማጣሪያ መንገድ ከተቀባበሉ ደግሞ መረጃው መድረሻ አጥቶ ሲዞር ሊቀር ይችላል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ ተገኝቷል፤ ሆኖም ከሁለት አቅራቢዎች መግዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የተለያዩ ድርጅቶች ኔትወርኮች መንገዶቻቸውን የሚለዋወጡበትን ቢጂፒ የተባለ ፕሮቶኮል የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የዚህ ዕውቀት ክብደት በዓለም ታይቷል። በየካቲት 2000 ዓ.ም. ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ያስገባው መንገድ ወደ ውጭ ሾልኮ በመውጣቱ ዩቲዩብ በብዙ አገሮች ተቋርጦ ነበር። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ በጥገና ላይ በተሠራ ስህተት የቢጂፒ መንገዶቹ ከኢንተርኔት ጠፍተው ለስድስት ሰዓት ያህል ተዘጋ። «እነዚያ ባለሙያዎች ከተሳሳቱ ሥልጠና ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። ሥልጠና ስህተትን ጨርሶ አያጠፋም፤ ስህተቱ እንዳይዛመት ማጣሪያ ማስቀመጥን፣ ምክንያቱን በፍጥነት መለየትን፣ ዋናው ኔትወርክ ሲወድቅ ወደ ራውተሩ የሚገባበት የተለየ መንገድ አስቀድሞ ማዘጋጀትን ያስተምራል። ፌስቡክን ያዘገየው አንዱ ነገር መሐንዲሶቹ የሚሠሩባቸው የውስጥ መሣሪያዎች አብረው መቋረጣቸው ነበር።

ሥራውን ለኮንትራክተር መስጠት ይቻላል የሚል ሐሳብም ይነሳል። ኮንትራክተር ዘርግቶ ይሄዳል፤ በማግስቱ ለሚመጣው ለውጥ ኃላፊ የሚሆነውና የተረከበውን ሥራ መርምሮ ሊቀበል የሚገባው የተቋሙ ሰው ነው። ወጪውም አያስፈራም፤ ጂኤንኤስ3 እና ኤፍአርራውቲንግ የተባሉት ሶፍትዌሮች በነፃ ስለሚገኙ አቅም ያለው አንድ ኮምፒውተር ብዙ ምናባዊ ራውተሮችን ይሸከማል። ከሁሉ የሚከብደው ስጋት «ሠልጥነው ይለቁብናል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የሚለቁ ይኖራሉ። ለዚህ መልሱ ከየተቋሙ ቢያንስ ሁለት ሰው ማሠልጠን፣ የአገልግሎት ግዴታ ማስገባትና የኔትወርኩን ንድፍ በሰነድ ማስቀመጥ ነው። ዕውቀቱን መንፈግ ግን ተቋሙን ለዘለቄታው ደካማ ያደርገዋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ለፕሮግራሚንግና ለዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ዕውቀት በር ከፍቷል፤ ኮደሮቹ የሚጽፉት ሶፍትዌር የሚሠራበትን ኔትወርክ የሚጠብቁትም ተመሳሳይ ዕድል ይገባቸዋል። ስለዚህ ለሸጎሌ ቅርብ በሆነው በጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የመጀመሪያው የሙከራ ዙር እንዲከፈት እጠይቃለሁ። ሥልጠናው ከአድራሻ ዕቅድ ተነስቶ እስከ ቢጂፒ ይድረስ፤ ፈተናውም ሆን ተብሎ የተበላሸ ኔትወርክ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ መጠገን ይሁን። የምስክር ወረቀቱም ይህን ላደረገ ብቻ ይሰጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሸጎሌ፣ ጉለሌ ክፍለ ከተማ