ባለቤቱ ማን ነው?

ሙዚየሞች መዛግብቶቻቸውን «የተሳሰረ ክፍት መረጃ» ወደሚባለው መልክ ሲለውጡ ከሚደሰቱት አንዱ ነኝ። ሆኖም ከማጨብጨባችን በፊት ሰዋስው እንጠይቅ እላለሁ።

ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። በካርድ ላይ የሰፈረው የቅርሱ ታሪክ ሦስት ክፍል ባላቸው አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ተበትኖ ይጻፋል፦ ባለቤት፣ ተሳቢና ግስ። እያንዳንዱ ሰው፣ ቦታና ዕቃ የራሱ ቋሚ መለያ ይሰጠዋል። አንዱ ካታሎግ «ቴዎድሮስ»፣ ሌላው «ቴዎዶር» ቢል፣ መለያው አንድ ንጉሥ መሆናቸውን ይመሰክራል። የለንደኑን ብራና ከጎንደር ሆኖ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ጸጋ አይደለም።

ግሱን ግን ማን መረጠው?

መቅደላን እንውሰድ። በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲዘርፍ የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ አብሮ ነበረ። የተዘረፈው በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ፤ ሆልምስም ለሙዚየሙ ገዛ። ወደ ሙዚየሙ የገቡት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

የዚህን ታሪክ ጅራት ብቻ ቆርጦ «ሙዚየሙ መጽሐፉን ገዛ» ብሎ ለኮምፒዩተር የሚሰጥ መዝጋቢ አልዋሸም፤ እውነቱንም አልተናገረም። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የመጽሐፉም ባለቤት ሆኖ ቁጭ አለ። አማርኛችን ለሁለቱ አንድ ቃል መስጠቱ እንዲያው በከንቱ አይመስለኝም።

«መሣሪያው እንጂ ምን ያድርግ፣ ገለልተኛ ነው» የሚሉ አሉ። መሣሪያውስ ከእነርሱ ይሻላል! ብዙ ሙዚየሞች የሚከተሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ሲዶክ ሲአርኤም፣ የሕጋዊ ባለቤትነትን መተላለፍ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ከማለፉ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ስርቆትንም ከሁለተኛው ወገን በግልጽ ይመድበዋል። ስለዚህ ለዝርፊያ የሚሆን ቦታ አለ። የጎደለው የመዝጋቢው ፈቃድ ነው።

«አሁን እንልቀቀው፣ ኋላ እናርመዋለን» የሚሉም አሉ። በካርድ ላይ ያለ ስሕተት በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። የተሳሰረ መረጃ ግን በወጣበት ቀን ይገለበጣል፤ ከሌሎች መዛግብት ጋር ይጋባል፤ ልጅ ይወልዳል። ዋናው ቢታረም ቅጂዎቹን ማን ይከተላቸዋል?

የምለው ይህ ነው። የመጨረሻው ገዥ ብቻ ሳይሆን ዕቃው የወጣበት ቦታና የወጣበት ድርጊት ይጻፉ። የቀድሞው ካታሎግ ቃል አይፋቅ፤ ማን፣ መቼ እንዳለው ተጽፎበት ይቀመጥ። ግሱ ሲመረጥ ግእዝ የሚያነቡ፣ መጻሕፍቱ የተወሰዱባቸው ሰዎች ልጆች በወንበሩ ይቀመጡ።

በእኛ ሰዋስው ዓረፍተ ነገርን የሚቋጨው ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይባላል። ማሰሪያው ከላላ፣ ሺህ መዝገብ ከሺህ መዝገብ ቢተሳሰር ምን ይፈይዳል? እንግዲህ መዛግብቱን ክፈቱ፤ አስቀድማችሁ ግን ግሱን አቅኑ።