የአውሬ በሽታ ለሰውም ያሰጋል

የሉማሜ አገር ገበሬ ላሙ ስትታመምበት ወዲያው ያስተውላል፤ በዱር ወድቆ ያገኘውን የቀበሮ ወይም የጅብ ሬሳ ግን አልፎት ይሄዳል። ነገር ግን በሽታ የዱርና የመንደር ወሰን አያውቅም። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራራ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጀ፤ ሊገታ የቻለውም ሬሳው ተመርምሮ በሽታው ስለ ታወቀና ላልታመሙት ክትባት ስለ ተሰጣቸው ነው። ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ሬሳውን በእጅ ሳይነኩ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ፤ ውሻን ማስከተብ፤ የተነከሰም ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ወሬው በቶሎ የደረሰ እንደ ሆነ የሰውም የከብትም ሕይወት ይድናል።